እያነበብኩት ነው

ጋሽ ተካልኝ መሞቱን የሰማሁ ዕለት ሸምሱ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ እሱኑ እያማሁ ነበር። እውነቱን ልጽፍ ነው የተነሳሁት፤ ስለዚህ ከዚህ እጀምራለሁ። «አውሮፓ ተቀምጦ ዳቦ የሚያሸት ሰው አለ፤ እኛ እዚህ ታክሲ ወረፋ ላይ የሰው ብብት እናሸታለን» ብዬ ሰዉን አሳቅኩ። ሻዬን አንስቼ ሳልጨርስ የሸምሱ ስልክ ጮኸ።

ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ አቃቂ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቁንም ሻይ ቤቱንም በአንድ ቆርቆሮ ስር ይዟል። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም አለ። ሸምሱ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

«ጋሽ ደቤ፣ ላንተ ነው» አለኝ። «የጋሽ ተካልኝ ልጅ ናት። አንተ ጋ ብትደውል ብትደውል አልገባ ብሏት ነው።»

አልገባ ያላት ብሎክ ስላደረግኳት ነው። አባትየውንም ልጅቷንም ከስልኬ ካስወጣኋቸው ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል።

«ጋሽ ደበበ፣ ሰናይት ነኝ። አባዬ ትናንት አረፈ።»

እኔ እንዲህ ሲሉኝ ማልቀስ አላውቅበትም። «ምን ሆኖ?» አልኳት፣ እንደ መርማሪ ፖሊስ።

«ስኳሩ ነው። መጀመሪያ ዓይኑን ወሰደው፣ ቀጥሎ ኩላሊቱን።»

«ዓይኑን?»

 «አልነገረዎትም እንዴ? ማየት ካቆመ እኮ አራት ዓመቱ ነው። አቃቂ ላለ ሰው እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ለእርስዎ ግን ራሱ የነገረዎት መስሎኝ ነበር።»

ስልኩን ለሸምሱ መለስኩለት። ሻዩ ጭኔ ላይ ፈሷል፤ መቃጠሌን ያወቅኩት ማታ ልብሴን ሳወልቅ ነው። ሰዉ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። እኔ ሞቱ ላይ ገና አልደረስኩም። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ሌላ ነገር ነው።

የዛሬ ዓመት ከአራት ወር በእጄ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። በዕድሜዬ የጻፍኩት ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው። ፖስታው ላይ «ከተካልኝ በቀር ማንም እንዳያነበው» ብዬበታለሁ። ታዲያ ዓይኑ ካላየ፣ ደብዳቤዬን ማን አነበበለት?

ተካልኝን ያወቅኩት እዚሁ አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሱ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ እኔ ጋሪ ገፊ። አስር ዓመት ይበልጠኛል። መጀመሪያ አንቱ ስለው ተቆጣኝ። «አንቱ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው። እኔ ገና ጥርሴን አልጨረስኩም።» ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተካልኝ፣ አንተ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው ነበር። ሌላው ተቆጣጣሪ ጨርቁን በመብራት አሳልፎ በዓይኑ ያያል። እሱ ጣቃውን ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ጀርባውን በሌባ ጣቱ ይሄድበታል። «እዚህ ጋ ክር ተበጥሷል» ይላል። ገልብጠው ሲያዩ፣ አለ። «ጨርቅ ፊቱን ለገዢ ያሳምራል፤ እውነቱን የሚናገረው በጀርባው ነው» ይል ነበር። ጣቶቹን እንደ ሙሽራ ይጠብቃቸዋል። ሚጥሚጣ በእጁ አይነካም፤ የጋለ ብርጭቆ አይዝም። ወርቁ የሚባል የሽመና ክፍል ሰው ነበር፣ ምላሱ የተሳለ፤ «ተካልኝ ሚስቱን እንኳ በመሃረብ ነው የሚነካት» እያለ ያስቃል።

እኔ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ፊደል አላውቅም፤ አለማወቄንም ማንም አያውቅም። እንደ ትል የምትሄድ አንዲት ፊርማ ተለማምጃለሁ። ጋዜጣ በብብቴ ይዤ እዞራለሁ። አንድ ቀን ለምሳ ዕረፍት ጥላ ስር ተቀምጬ ጋዜጣዬን ዘርግቼ ሳለ ወርቁ አጠገቤ ቆመና «ደበበ፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ ተገልብጦ ነው እንዴ የቆመው?» አለኝ። ጋዜጣውን ገልብጬ ነበር የያዝኩት። በቡጢ መለስኩለት። ሰዉ ቀልድ የማይወድ ሰው ነው ብሎ ተወኝ፤ መራራነቴን ከዚያ ጀምሮ ጥሩ መደበቂያ አደረግኩት።

ከማቅለሚያ የወጣ ጨርቅ ቀለሙ እስኪይዝ አድሮ ነው የሚታጠበው። አንድ ጠዋት ማቅለሚያው በር ላይ ሰማያዊ ጣቃ የተከመረበት ጋሪ ቆሞ አገኘሁ። ላዩ ላይ ካርድ ታስሯል። ካርዱ የሆነ ነገር ይላል። ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። መጠየቅ ማለት ግን «አላነብም» ማለት ነው። ካርዱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ጋሪውን ወደ ማጠቢያ ገፋሁት። ለምሳ ስንወጣ የማጠቢያው ቦይ ሰማያዊ ሆኖ ይፈሳል። የስንት ሰው የሳምንት ድካም በቦዩ ሄደ።

አለቃው አሰለፈን። «ካርዱ የታለ?» ብሎ ጮኸ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም ያቃጥለኛል። ተካልኝ አየኝ። ኪሴን አየ። ከዚያ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣና «ካርድ አልነበረውም። መጻፍ ረስቼ ነው» አለ።

ያን ያህል ዓመት አንዲት እንከን ያልተገኘበት ሰው። ከተቆጣጣሪነት አወረዱትና ስድስት ወር ጋሪ እንዲገፋ ፈረዱበት። ከእኔ ጋር።

የመጀመሪያው ቀን ሽመና ክፍል በር ላይ ስንደርስ ጋሪውን አቆመ። «ኪስህ ውስጥ ያለው ካርድ ምን ይላል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

 ገባን። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው አይነጋገርም። ማሽኑ ሁሉ ባንዴ ሲመታ ጎንህ ያለው ሰው ቢጮህ እንኳ አፉ ሲከፈት ነው የምታየው። እዚያ የሚሠሩት በእጅ ምልክት ይግባባሉ፤ ነገሩ ከምልክት ሲያልፍ አንዱ የሌላውን መዳፍ ይዞ በጣቱ ይጽፍበታል። ማንበብ ለሚችል። ተካልኝ እጄን ያዘ፣ መዳፌን ዘረጋና አንዲት ፊደል ጻፈብኝ። ቀጥሎ ሌላ። በሦስተኛው ቀን አምስቱንም ገጣጠምኳቸው፦ አይታጠብ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ይኼ ነው። በዓይኔ አይደለም ያነበብኩት፣ በመዳፌ።

ስሳሳት መዳፌን እንደ ሰሌዳ በእጅጌው ይጠርግልኛል። ድምፅ ስለማይሰማ በከንፈሩ ቅርጽ ብቻ «እንደገና» ይለኛል። ስድስት ወር ሙሉ፣ እንደገና። ቅጣቱን ሲጨርስ እኔ ማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። ደብተር ላይ ስጽፍ ስክሪብቶውን እየተጫንኩ ወረቀት እበሳለሁ፤ ጋሪ የገፋ እጅ ቀስ ማለት አያውቅም። ደብተሬን ሲያይ «መሬት አትረስ፣ ጻፍ!» ይለኛል። በኋላ ተስፋ ቆረጠ። «እሺ፣ በአንድ ፊቱ ብቻ ጻፍ። ጀርባውን ለጉልበትህ ተወው።»

ስለ ካርዱ ዳግመኛ አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁም። ይቅርታ አላልኩም፤ አመሰግናለሁ አላልኩም። የፋብሪካው ሰው ግን እስከ ዛሬ ያነሳዋል፤ «ተካልኝ ጎበዝ ነበር፣ አንዴ ብቻ ካርድ ረስቶ ያን ሁሉ ጣቃ አስበላ» ይላል። ሲሉ እየሰማሁ ሻዬን እጠጣለሁ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ሚስቱ ስትሞትበት ሰናይት ጀርመን አገር ወሰደችው። እሷ እዚያ ነርስ ናት፤ ስሙን ልጥራ ብል ምላሴ የሚታሰርበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ትኖራለች። መጀመሪያ ፎቶ ይልካል፣ ጽሑፍ ይልካል። ስልክ ላይ ማንበብ የለመድኩት በሱ መልእክት ነው። እያደር ፎቶው ቀረ። ቀጥሎ ጽሑፉ ቀረ። ድምፅ ብቻ ሆነ፤ በየጠዋቱ አንድ፣ ከደቂቃ የማይበልጥ።

«ደበበ፣ ዛሬ ዳቦ ገዛሁ። በወረቀት ከረጢት ነው የሚሰጡህ። ኮቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ከተትኩት፤ እንደ ድመት ግልገል ይሞቃል። ቤት እስክደርስ አልቸኮልኩም።»

«ደበበ፣ በረዶ ወርዷል። በረዶ ሲወርድ ከተማው ጆሮው ውስጥ ጥጥ የከተተ ይመስላል። አንተና እኔ ሽመና ክፍል ሆነን የተመኘነው ዝምታ እዚህ ነው ያለው።»

«ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ብርቱካን ላጠች። የበላችው እሷ ናት፤ የጠገብነው ግን ከነሹፌሩ ሁላችንም ነን።»

«ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዛፍ አለ፤ በነሱ በጋ ያብባል። ስሩ ስትቆም ማር የተቆረጠበት ቤት የገባህ ይመስልሃል። ስሙን ነግረውኝ ረሳሁት። ሽታው ግን አልረሳኝም፤ በሩቁ ነው የሚጠራኝ።»

አንድ ቀን የጨርቅ ሱቅ ገብቶ ጣቃ ሲዳስስ፣ ሻጯ ጥጥ ነው ያለችውን «ግማሹ ጥጥ አይደለም» ብሏት ተከራክረው፣ ወረቀቱ ሲታይ እሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ድምፁ እንደ ወጣት ነበር።

እኔ እነዚህን ድምፆች ሻይ ቤት ከፍቼ አሰማቸዋለሁ፤ መሳቂያ እንዲሆኑ። ሸምሱ «ጋሽ ተካልኝ ጀርመን ገብቶ አፍንጫ ብቻ ሆነ እንዴ?» ይላል። ሌላው «ምናለ ፎቁን፣ መኪናውን ቢያሳየን! ፎቶ ይላክ በለው!» ይላል። እኔም አልኩት፤ ደወልኩና «ፎቶ ላክ» አልኩት።

«ፎቶ ሁሉም ሰው አለው» አለኝ። «አንተ ዛሬ ምን አሸተትክ?»

«ናፍጣ።»

«ጥሩ። የከባድ መኪና ነው የሚኒባስ?»

«ጋሽ ተካልኝ፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ነኝ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ነው የምገባው። አፍንጫዬ ቢዘጋ ነው የምመርጠው።»

«የቤት ሥራ ሰጥቼሃለሁ። በቀን አንድ። ወይ ያሸተትከውን፣ ወይ የሰማኸውን፣ ወይ የነካኸውን።»

«ያየሁትንስ?»

 «ያየኸውን ለራስህ ያዘው» አለኝ።

ይኼን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ አልገባኝም።

የቤት ሥራውን አልሠራም አልኩ። የተረገመ ነገር ነው፤ አንዴ ከተሰጠህ አፍንጫህ አያርፍም። በብርድ ጠዋት ቅርንፉድ ያለበት የሸምሱ ሻይ፣ ብርጭቆው መዳፌ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ሳልጠጣው ስይዘው ራሴን አገኘሁት። ማረሚያ ቤቱ ሰፈር ሳልፍ፣ እስረኛ ጠያቂዎች ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሰዎቹ ገና ሳይፈተሹ የዳቦው ሽታ አጥሩን አልፎ ገባ። እርጥብ አስፋልት ላይ የከባድ መኪና ጎማ ሲሄድ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል፤ ተካልኝ ቢሰማው «አዲስ አቡጀዲ ነው» ይል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ደበበ ጎምዛዛው «ብርጭቆ ሞቀኝ፣ ደስ አለኝ» ቢል ሰፈሩ ምን ይለኛል?

ስለዚህ ጻፍኩት። ከሸምሱ ሱቅ ወረቀቱ ወፍራም የሆነ የሥዕል ደብተር ገዛሁ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ትልልቅ ፊደል፣ አስራ ዘጠኝ መስመር፣ በአንድ ፊቱ ብቻ። አስራ አምስቱ መስመር የቤት ሥራዬ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮች የጻፍኩት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ስለ ካርዱ። ሃያ አምስት ዓመት በአፌ ያልወጣውን። እዚያ ላይ እንዴት እንደተጫንኩ ስክሪብቶው ነው የሚያውቀው። ለፋሲካ መጥታ የነበረች የሰናይት ጓደኛ ይዛው ሄደች።

በሳምንቱ ድምፅ መጣ። «ደብዳቤህ ደረሰኝ ደበበ። የሸምሱን ሱቅ ይሸታል፤ ሳሙናና ቅርንፉድ። ጥሩ ወረቀት ነው። ትራሴ ስር አድርጌዋለሁ።» አለቀ። ስለ ጽሕፈቴ የለም። ስለ ካርዱ የለም።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። «አነበብከው?» አልኩት።

«እያነበብኩት ነው።»

ወር ሆነ። «አሁንስ?»

«እያነበብኩት ነው። አታስቸኩለኝ፤ አራተኛው መስመር ላይ ነኝ።»

ፊደል ያስተማረኝ ሰው፣ ጋዜጣ ባንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ሰው፣ አራተኛው መስመር ላይ ነኝ ይለኛል! በእኔ ዝግመት ላይ እየቀለደ ነው አልኩ። ወይ ደግሞ አራቱን መስመሮች አንብቦ ይቅርታዬን ሊቀበል አልፈለገም አልኩ። ሁለቱም አንገበገበኝ። ሁለት ወር ሲሞላ እንደገና ጠየቅኩት። «እያነበብኩት ነው» አለኝ፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ።

«አስራ ዘጠኝ መስመር ሁለት ወር ከፈጀብህ» አልኩት፣ «አንተም እንደ እኔ ጋሪ ግፋ!»

ይኼን ያልኩት ስድስት ወር ስለ እኔ ጋሪ ለገፋ ሰው ነው። ከዚያ ብሎክ። እሱንም፣ ልታስታርቀን የደወለችውን ልጁንም።

የሞቱን ወሬ የሰማሁ ዕለት ሥራ አልገባሁም። ስልኬ ውስጥ የቀሩትን የድሮ ድምፆቹን ሸምሱ በር ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ዳቦው ይሞቃል። በረዶው ጸጥ ይላል። ብርቱካኑ ይሸታል። ቀይ የለም። አረንጓዴ የለም። የአንድ ሰው ፊት የለም። ያ ዛፍ እንኳ አበባው ምን እንደሚመስል የለም። ሰዉን ስሰበስብ፣ ሳስቅበት፣ ፎቶ ላክ እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ ሦስት ዓመት ያህል አንድም የታየ ነገር አልላከም፤ እኔ ዓይናማው ግን አላየሁም።

ሸምሱ ሻይ ሊቀይርልኝ መጥቶ ፊቴን አየና ብርጭቆውን ይዞ ተመለሰ።

እሱ ላይ አልተናደድኩም፤ መናደድ ፈልጌ አጣሁ። ማንበብ አለመቻልን መደበቅ ከማን ተማረ? ጋዜጣ በብብቴ ይዤ ከዞርኩት ከእኔ ነዋ።

ቀብሩ እዚያው ጀርመን ሆነ። ሰናይት ግን በሳምንቱ መጣች፤ እድሩም ድሮ በኖረበት ግቢ ድንኳን ጣለ። ስገባ ግማሹ ፋብሪካ እዚያ ነው፤ ጥርስ የለ፣ ጉልበት የለ፣ ጆሮ የለ። ሽመና ክፍል የኖረ ሰው ጆሮ እንደማይተርፈው ታውቃላችሁ። ወርቁ ጥግ ላይ ካርታ ይዞ ተቀምጧል፤ ስለማይሰማ ሁሉም የማይሰማ ይመስለዋል፣ ይጮሃል።

ሰናይት ስታየኝ ተነሳች። ዓይኗ አባብጧል። ልታቅፈኝ ስትል «ማን አነበበለት?» አልኳት። እግዜር ያጥናሽ እንኳ አላልኩም።

«ማንም» አለችኝ። ከቦርሳዋ ፖስታውን አወጣች። «እዚህ ላይ የጻፉትን እኔ ነኝ የነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሊያስነካኝ ነው? ላንብብልህ ስለው "ለእኔ ብቻ ነው የሚለው፣ ሰምተሻል" አለኝ። አንድ ጠዋት የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ስገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍቶ በጣቱ ሲሄድበት አገኘሁት። "አባዬ፣ ገልብጠህ ነው የያዝከው" አልኩት። ሳቀብኝ። "ደበበ በጀርባው ነው የሚነበበው" አለኝ።»

ወረቀቱን ከፖስታው አወጣሁና ገለበጥኩት።

መሬት ሳርስ የኖርኩበት እጄ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ወጥቷል። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ጠባሳ አብጧል፤ ግን ሁሉም ዞሮ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ይኼን ነው የዳሰሰው። በሌባ ጣቱ፣ የተገለበጠውን በልቡ እያቃና።

«በቀን አንድ ቃል» አለች ሰናይት። «ሲከብደው ለአንዷ ቃል ሦስት ቀን። ዳቦውን ከበላ በኋላ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ ነው የሚቀመጠው። ቃሉን አይነግረኝም። "ዛሬ አቃቂ ዘነበ" ይለኛል። "ዛሬ ሻይ ጠጣሁ" ይለኛል። ስልኩን ከዘጉበት በኋላም አልተወም። እንዲያውም ለዕለቱ የሚያስቀምጣት ደስታው እሷ ነበረች።»

እያነበብኩት ነው ሲለኝ እያነበበው ነበር።

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። የአስራ አምስቱ መስመር ጀርባ እንደ ታሸ ቆዳ ለስልሶ ጠቁሯል፤ ብዙ ጊዜ ተሂዶበታል። አስራ ስድስተኛው መስመር ላይ የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ ትንሽ ደብዝዛለች። ከዚያ በታች ያለው ግን ጣት አልነካውም፤ ልክ እኔ የጻፍኩ ዕለት እንደነበረው ጠርዙ ይቆረቁራል። አስራ ስድስተኛው መስመር የሚጀምረው «ካርዱ» ብሎ ነው።

«እዚህ ሲደርስ ምን አለ?» አልኳት። 

«አቆመ። ጣቱን እዚያች ቃል ላይ ያደርግና ያነሳል፣ ያደርግና ያነሳል። "የቀረው በደበበ አፍ የሚነበብ ነው" አለኝ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰ። እዚህ በደረሰ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እርስዎ እስኪደውሉ እየጠበቀ ነበር ጋሽ ደበበ።»

 በዚህች ቅጽበት ነው ጥግ ላይ ወርቁ ካርታውን አስቀምጦ ስለ ሟች መናገር የጀመረው፣ አገር በሚሰማው በዚያ ድምፁ።

«ተካልኝን የመሰለ ሠራተኛ አልነበረም! ነፍሱን ይማረውና አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተው! አንዲት ካርድ ረሳ፤ ጣቃው ሁሉ ጠፋ! ሰው ነዋ፣ ይሳሳታል!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰናይት አንገቷን ደፋች። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች?

ወደ መሃል ወጣሁ። ወረቀቱን በፊቱ መለስኩት። ሰው ፊት አንብቤ አላውቅም፤ ጣቴን ቃሉ ስር እያስኬድኩ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ አራቱን መስመሮች አነበብኩ።

«ካርዱ ነበረ። አንተ ጽፈኸው ነበር። ፈትቼ ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ማንበብ ስለማልችል። አንተ የኔን ስም ደበቅህ፤ እኔ ግን ስምህን ሲያነሱት እየሰማሁ ዝም አልኩ። ይቅርታና አመሰግናለሁ የሚሉትን መጻፍ ከቻልኩ ቆየሁ፤ መናገሩ ነው ያቃተኝ።»

ካርታው ቆመ። ንፍሮ ይዛ የምትዞረው ሴት ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ሸምሱ ጫማዬን ያያል። ሰናይት በነጠላዋ አፏን ይዛለች።

«ምን አለ?» አለ ወርቁ። «ይኼ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩት ጮኼ።

«ኧ?»

ጠጋ ብዬ ደገምኩለት። ጆሮውን በእጁ ከልሎ አፌን ያያል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። «የኔ ጆሮ ማሽኑ ጋ ቀርቷል ደበበ።»

ፊቱ ተንበረከክኩ። እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቼ መዳፉን ዘረጋሁት። ምን ልሠራ እንደሆነ ገባው፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ ልክ እንደ ድሮው። በመጀመሪያ ካርዱ ነበረ ብዬ ጻፍኩ፣ ፊደል በፊደል። ቀጥዬ እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ።

ወርቁ ረጅም ጊዜ ዓይኑን አልገለጠም። መዳፉንም አልዘጋም። ከዚያ በሌላው እጁ የኮቱን እጅጌ ስቦ መዳፉን ጠረገው።

«እንደገና» አለኝ።

እንደገና ጻፍኩለት፤ ተጭኜ።